አጠገቧ ቁሙና እዩ፦ በመጦሪያ ቤት መድኃኒት የሚሰጡ ሠራተኞችን መመዘን

ጎጃም ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለሥራ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው። አንዲት አስታማሚ የቡና ሲኒዎች በትሪ ደርድራ ወጣች። በየሲኒው ሁለትም ሦስትም ኪኒን አለ፣ ስም ግን የለም። «ይሄ የማን ነው?» አልኳት። «የዳር አልጋው የአባባ ነዋ፣ በቦታው አውቀዋለሁ» አለችኝ። ከአንድ ቀን በፊት ይህችኑ ልጅ ጥያቄ ጠይቄያት ነበር። ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠን፣ ሰዓት፣ አሰጣጥ፣ ከዚያ ምዝገባ፤ አንዱንም አልሳተችም። አንድ ሰው ትሪውን በክንዱ ገፋ ቢያደርገውና ሲኒዎቹ ቢቀላቀሉ ግን ያ ሁሉ እውቀት የዳር አልጋውን አባባ አያድናቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቃል ጥያቄ ብቻ «ብቁ ናት» ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ይህን የምጽፈውም መጦሪያ ቤት ለምታስተዳድሩ፣ ነርስ ሆናችሁ ሌሎችን ለምታሠለጥኑ፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ሰው ቀጥራችሁ ቤት ለምታስታምሙም ጭምር ነው። ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ለምትመዘነው ሠራተኛ የምዘናውን ቀን ንገሯት። ድንገት ደርሶ መያዝ ሰውን ያስደነግጣል እንጂ ችሎታውን አያሳይም። አንድ ዙር፣ ማለትም አንድ ጊዜ ለሁሉም መድኃኒት ስታድል፣ ብቻ አይታችሁም አትወስኑ። እኔ ቢያንስ ሦስት አያለሁ። አንዱ ጠዋት ሁሉም በሚጣደፍበት ሰዓት፣ አንዱ ማታ፣ ሦስተኛው ደግሞ በበዓል ቀን ወይም እሁድ፣ ቤተ ዘመድ ሲመጣ፣ ድፎው ሲቆረስ፣ ቡናው ሲፈላ። እኔ ካየኋቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የተፈጠሩት አንድ ሰው «አንቺ፣ ነይ እስቲ» ብሎ ጠርቷት ዞር ባለችበት ቅጽበት ነው። መዛኙም ራሱ መድኃኒት የሚሰጥ፣ እጁ ከሥራው ያልራቀ ሰው ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት የዚያን ዙር ካርዶች፣ የእያንዳንዱ ሰው መድኃኒት፣ መጠንና ሰዓት ተጽፎ ሲሰጥ የሚፈረምባቸውን፣ በሙሉ አንብቡ፤ ካላነበባችሁ ስህተቱ ዐይናችሁ ሥር ያልፋል። ዙሩ ከተጀመረ በኋላ ዝም በሉ። አፋችሁን የምትከፍቱት አደጋ ሊደርስ ሲል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሳታመነቱ አስቁሟት።

አሁን እጇን እዩ። ታጥባለች? ካርዱን ትከፍታለች ወይስ በቃሏ ነው የምትሄደው? ፓኮው ላይ ያለውን ስምና መጠን ከካርዱ ጋር ፊደል በፊደል ታመሳክራለች? እንግሊዝኛ ባትችልም ፊደሉን ማመሳሰል ትችላለች፣ ይህን አሳይቶ ማሠልጠን ይቻላል። የአንድ ሰው መድኃኒት ወጥቶ፣ ተሰጥቶ፣ ተፈርሞ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። ቀድሞ በሲኒ መደርደር የለም።

ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እማማ እከሌ ነዎት?» ብትሏቸው ብዙ አረጋውያን «አዎ ልጄ» ይሏችኋል። ጆሯቸው ስላልሰማ፣ ወይም እሷን ላለማሳፈር፣ ወይም መርሳት ስለጀመራቸው። ስለዚህ «ስምዎ ማን ነው?» ብላ ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግ አለባት፣ ካልቻሉ ደግሞ ካርዱ ላይ ፎቶ ይለጠፍ። የእኛ አገር ተጨማሪ ነገርም አለ። እማሆይ ከመነኮሱ በኋላ ስማቸው ተቀይሯል፤ የሆስፒታል ካርዳቸው ግን በድሮው ስማቸው ሊሆን ይችላል። ሁላችንም የምንጠራቸው በምንኩስናው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወለተ ማርያም ካሉማ አስቡት። ካርዱ ላይ ሁለቱም ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ዕድሜ ይጻፍ። ስትመዝኑ «እኚህ እማሆይ ካርዳቸው በማን ስም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሰዓት ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሆስፒታል የወጣ ወረቀት «8» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ጠዋት 8 ማለት በእኛ 2 ሰዓት ነው። አስታማሚዋ በሐበሻ ካነበበችው ግን ከምሳ በኋላ ልትሰጥ ነው። የማታውን 8 ደግሞ ሌላ ሰው በትክክል ማታ 2 ሰዓት ብሎ ሰጠው እንበል። በ12 ሰዓት ልዩነት መሰጠት የነበረበት መድኃኒት በ6 ሰዓት ልዩነት ተሰጠ፣ ከዚያ 18 ሰዓት ባዶ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ሰዎች «ወረቀቱ ያለውን ነው የሰጠሁ» ይሏችኋል፣ አልዋሹም። እንዲህ ያለ ወረቀት አዘጋጁና ወደ ካርድ እንድትገለብጠው ስጧት። «ጠዋት 2 ሰዓት»፣ «ማታ 2 ሰዓት» ብላ ከጻፈች ገብቷታል። ቁጥሩን ብቻ ከጻፈች ገና ነው። ግራ ከገባት ደግሞ ደውላ ካጣራች ከሁሉም ይሻላል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። ፓኮ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ ነው። በእኛ 2018 ዓ.ም ጥር ላይ ያለች ልጅ «12/2025» የሚል ስታይ «ኧረ ገና ሰባት ዓመት አለው» ልትል ትችላለች፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፏል። አምስት ስድስት ፓኮ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉና ያለፈውን እንድትለይ አድርጉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከጥር ጀምሮ 8 ደምሪበት በሏት፤ ግድግዳ ላይም ለጥፉት። እግረ መንገዴን፣ ነሐሴ 1 የተጀመረ የ30 ቀን ኪኒን ነሐሴ 30 ያልቃል። ቀጠሮው መስከረም ከሆነ ጳጉሜን ሙሉውን፣ 5 ቀን ወይም 6 ቀን፣ የግፊት መድኃኒት የለም ማለት ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ይህን ሐምሌ ላይ ትቆጥረዋለች።

ኢንሱሊን ላይ ሲደርስ ዐይናችሁን አትንቀሉ። አሁን የተለመደው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው። ስለዚህ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የኢንሱሊን ሲሪንጅ አልቆ ተራ ሲሪንጅ አንስታ ካያችሁ እዚያው አስቁሟት፤ 1 ሚሊ ሊትር ከሳበች አሥር እጥፍ ሰጠች ማለት ነው፣ ይሄ ሰው ይገድላል። ደፍርሶ የሚታየውን ዓይነት በመዳፏ መካከል ቀስ ብላ ታንከባልለዋለች፣ አትንጠውም። ትናንት የወጋችበትን ቦታ ታስታውሳለች፣ ዛሬ ትቀይራለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምግቡ የት እንዳለ ታውቃለች። «ሽሮው እሳት ላይ ነው፣ ይደርሳል» ቁርስ አይባልም። ቶሎ የሚሠራውን አጭሩን ኢንሱሊን ወግታ እንጀራው ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ሰውየው ላብ በላብ ሆነው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው እየተምታታ ልታገኛቸው ትችላለች። ጠይቋት፦ «ያን ጊዜ ምን ታደርጊያለሽ?» መልሱ ስኳራቸውን መለካት፣ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት፣ ለነርስ ወይም ለሐኪም መደወል ነው። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አይገባም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ኪኒንም ምግብ ካልተበላበት እንዲሁ ስኳር ያወርዳል፣ በአረጋውያን ላይ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ኪኒን ስለሆነ አትናቁት።

ኪኒን ስትፈጭ ካያችሁ «ማን ፈቀደልሽ?» በሏት። ጥርስ ለሌላቸው አባባ አዝና ነው፣ ልቧ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራ ኪኒን፣ ለምሳሌ የግፊቱ ኒፌዲፒን ረጅሙ ዓይነት፣ ከተፈጨ የቀኑ ሙሉ መጠን በአንዴ ደም ውስጥ ይገባል፤ ግፊታቸው ወርዶ ይወድቃሉ። ፋርማሲ ሳይጠየቅ አይፈጭም፣ ካፕሱልም አይከፈትም። ሽሮፕ ከሆነ የወጥ ቤት ማንኪያ አይሠራም፤ ማንኪያው ሁሉ ልኩ ይለያያል፣ አብሮ በመጣው መለኪያ ይለካ። ሁለት ዓይነት የዐይን ጠብታ ካለ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ትጠብቃለች። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት እንደ ፉሮሴማይድ ያለው ጠዋት ነው የሚሰጠው፤ ማታ ከተሰጠ እማማ በጨለማ ሲነሱ ይወድቃሉ።

ከዚያ ቆማ ማየት አለባት። ቀና አድርጋ አስቀምጣ፣ ውኃ ሰጥታ፣ እስኪውጡ ድረስ። ፊርማውም ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የአንዲት እማማ ግፊት አልወርድ ብሎ ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምር ደረሰ። ካርዱ ላይ ፊርማው ሙሉ ነው፣ አንድ ቀን አልጎደለም። ነጠላቸውን ለማጠብ ሲቀየርላቸው ጫፉ ላይ የተቋጠረ ነገር ተገኘ፤ ሲፈታ ዘጠኝ የአምሎዲፒን ኪኒን። ኪኒኑ ስለሚያዞረኝ ነው አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

እምቢታን ሳታዩ ምዘናው ሙሉ አይሆንም፣ እኛ ጋ ደግሞ እምቢታ ከጾም ጋር ይመጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምሱ አረጋውያን አሉ። ሠራተኛዋ ምን ታደርጋለች? ትቆጣለች? በሾርባ ደብቃ ትሰጣለች? ዝም ብላ ፈርማ ታልፋለች? ሦስቱም ጥፋት ነው። የምፈልገው ይሄን ነው፦ አክብራ ትጠይቃለች፣ አትጎተጉትም፣ ካርዱ ላይ «አልወሰዱም» ብላ ምክንያቱን ትጽፋለች፣ ለነርስ ትናገራለች። ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው። የንስሐ አባታቸውን መጥራትም ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ለታመመ ሰው ጾሙን የሚያቀሉለት እሳቸው ናቸው፣ የእኛ ምክር ግን ላይሰማ ይችላል። ጠበል ሲሄዱም እንዲሁ ነው። ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ እንዲሄድ በጊዜ መነጋገር እንጂ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ዘመድ በጀርባ ስለሚያስገባት የአረቄ ጠርሙስም ጠይቋት። የእንቅልፍ ኪኒን ከአረቄ ጋር ትንፋሽ ያዳክማል፤ አፋቸው ከሸተታት ሳትሰጥ ትደውል።

እኔ ከሁሉም በላይ የምፈልገው ማቆም መቻሏን ነው። ሁሉ ነገር ትክክል ሲሆን መስጠት ቀላል ነው። አንድ ነገር ሲዛባ እጇ ይቆማል ወይ? ይህን ለማየት ጠረጴዛ ላይ፣ አረጋዊ በሌለበት፣ ሆን ብላችሁ አዛቡ። ካርዱ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ይበል፣ ፓኮው 10 ይሁን። የልብ መድኃኒት ዲጎክሲን የሚወስዱ ሰው የልብ ምት በደቂቃ 52 ነው በሏት፤ ከ60 በታች ከሆነ ሳይሰጥ ሐኪም ነው የሚጠየቀው። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰደውን፣ በየቀኑ ብላችሁ ጻፉ። «እንጃ፣ ይሄ ልክ አልመሰለኝም፣ ልደውል» ካለች፣ ምክንያቱን በሕክምና ቋንቋ ማስረዳት ባትችል እንኳ፣ ያቺ ልጅ ታድናለች። ፈጥና በልበ ሙሉነት የምትሰጠው ናት የምታሳስበኝ።

አንድ ሌሊት አንዲት አስታማሚ ደውላ «የጎረቤት አልጋውን ኪኒን ሰጠሁ» አለችኝ፣ እያለቀሰች። ግፊታቸውን ለካን፣ ሐኪም ጠየቅን፣ እስኪነጋ ተከታተልን፣ ደህና አደሩ። በነጋታው አንዳንዶች ትባረር አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ባትነግረኝስ ኖሮ? ከዙር አወጣናት፣ ደግመን አሠለጠንናት፣ ሁለቱ ካርዶች በአንድ ማኅደር ውስጥ ጀርባና ፊት መሆናቸውንም ያን ቀን ነው ያየነው። ስለዚህ ስትመዝኑ «እስከ ዛሬ የተሳሳትሽው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «በጭራሽ» የሚል መልስ አያስደስተኝም።

ውሳኔው አለፈች ወይም ወደቀች ብቻ አይሁን። ኪኒን ትሰጣለች፣ ኢንሱሊን ገና፤ የዐይን ጠብታ አዎ፣ ሽሮፕ መለካት ይደገም፤ እንዲህ ለየብቻ ጻፉት። ቅጹ ላይ «ጥሩ» ብላችሁ አትለፉ፣ ያያችሁትን ጻፉ፦ «የሦስተኛው አልጋን ስም ሳትጠይቅ ልትሰጥ ነበር፣ አስቆምኳት።» እሷም ታንብበው፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ቀን አስገቡ። የእንግሊዙ ናይስ የሚባለው የጤና ተቋም በ2014 እ.ኤ.አ. ለመጦሪያ ቤቶች ባወጣው መመሪያ የሠራተኞቹ ችሎታ በየዓመቱ እንዲታይ ይመክራል። እኔ አዲስ ሠራተኛ ከሆነች በሦስተኛው ወር እደግመዋለሁ፤ ስህተት ከተፈጠረ፣ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ከገባ፣ ወይም ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስም እንዲሁ።

ያቺ የሲኒዋ ልጅ በመጀመሪያው ዙር አላለፈችም። ተናደደችብኝ፣ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ዙር ካርዱን ይዛ የዳር አልጋው አባባ ጋ ቆመች። ስማቸውን ጠየቀች፣ ጠብቃ አስዋጠች፣ ፈረመች፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደች። ዙሩ ከበፊቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ረዘመ። ኪኒን ላይ ፈረምኩላት፣ ኢንሱሊኑን ለሚቀጥለው ወር ቀጠርናት፣ ሲኒዎቹም ወደ ረከቦቱ ተመለሱ።