ስለ ትራጄዲ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመኪና አደጋውም ጎርፉም በዜና «ትራጄዲ» ስለሚባል፣ ብዙ ጀማሪ ጸሐፌ ተውኔት ሐዘን በሐዘን ላይ ሲከምር ትራጄዲ የሚባለውን የተውኔት ዓይነት የጻፈ ይመስለዋል። አርስቶትል ግን ከትራጄዲ ስድስት ክፍሎች መጀመሪያ ያስቀመጠው ሴራውን፣ የድርጊቶቹን ትስስር ነው። አንዱ ድርጊት ሌላውን ካልወለደ ተመልካቹ ያለቅስ ይሆናል እንጂ ትራጄዲ አላየም።

ባለታሪኩ ካልሞተ ትራጄዲ አይሆንም ማለትም ስህተት ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የኤስኪለስ «ኦሬስቴያ» (458 ከክርስቶስ ልደት በፊት) የሚያበቃው እናቱን የገደለው ኦሬስቴስ በአቴና ችሎት በነጻ ተለቅቆ፣ ተበቃዮቹ አማልክትም ታርቀው ነው።

ከሁሉ የከፋው አርስቶትል የባለታሪኩን መውደቅ ምክንያት የጠራበትን የግሪክኛ ቃል፣ «ሐማርቲያ»ን፣ ኃጢአት ብሎ መተርጎም ነው። በግሪክኛው አዲስ ኪዳን ቃሉ በእርግጥም ኃጢአት ማለት ነው፤ ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አርስቶትል ግን ሰውየው የሚወድቀው በክፋት ሳይሆን በሐማርቲያ ነው ብሎ ሁለቱን ለይቷል፤ መሳት፣ ዒላማን መሳት ማለት ነው። በግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት በሶፎክለስ ተውኔት ውስጥ ኦዲፐስ አባቱን እንደሚገድል ትንቢት ስለተነገረው፣ ወላጆቼ የሚላቸውን ላለመጉዳት ከቆሮንቶስ ይሸሻል፤ መንገድ ላይ ተጣልቶ የገደለው ሽማግሌ አባቱ መሆኑን አያውቅም። ረቂቅዎን ሲፈትሹ፣ ባለታሪኩ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ያን ያደርግ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አያደርግም» ከሆነ መንገዱን ይዘዋል።

ምስጢሩን በአጋጣሚ በተገኘ ደብዳቤ መግለጥም ሥራውን ያረክሳል። የቀድሞውን ንጉሥ ማን እንደገደለው ምርመራውን የጀመረው ኦዲፐስ ራሱ ነው። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ሊያረጋጋው ብሎ ያሳደገው የቆሮንቶስ ንጉሥ ፖሊቡስ የሥጋ አባቱ እንዳልሆነ ይነግረዋል፤ ወደ ጥፋቱ የሚነዳውም ያው ማጽናኛ ነው። አርስቶትል አብልጦ የሚያደንቀው እንዲህ የዕድል መገልበጡና እውነቱን ማወቁ አብረው ሲመጡ ነው።

«አርስቶትል የጊዜ፣ የቦታና የድርጊት አንድነትን አዟል» ተብሎ በየማስታወሻው ይጻፋል። እሱ በጥብቅ የጠየቀው የድርጊትን አንድነት ብቻ ነው። ስለ ጊዜ በአንድ የፀሐይ ዑደት ውስጥ መወሰን የተለመደ መሆኑን ጠቀሰ፤ ቦታን እንደ ሕግ አላነሳም። ሦስቱን ደንብ ያደረጋቸው ጣሊያናዊው ሐያሲ ካስቴልቬትሮ ነው፣ በ1570 እ.ኤ.አ.።

«ትራጄዲ» የሚለውን ቃል የቀድሞ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ እንደ ፊደል ግድፈት ማረምም አይገባም። በእንግሊዝኛ ዛሬ በ«ዋይ» የሚያልቀው ቃል (tragedy) በ1623 እ.ኤ.አ. በታተመው የሼክስፒር ጥራዝ፣ በ«ሐምሌት» ርዕስ ላይ፣ በ«አይ»ና «ኢ» ያልቃል (tragedie)። ጥቅስ ከሆነ እንዳለ ይተዉት። ያው አጻጻፍ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዛዊው ገጣሚ በቾሰር ግጥም ሲገኝ ደግሞ መድረክን አያመለክትም፤ ከከፍታ የወደቀ ሰው ታሪክ ማለት ነው። የግሪክኛው ሥር «ትራጎስ» ፍየል፣ «ኦዴ» ዜማ ነው፤ ፍየሉ ለምን እንደገባ ግን ሊቃውንት ስላልተስማሙ «ለአሸናፊው ፍየል ይሸለም ስለነበር ነው» ብለው በእርግጠኝነት አይጻፉ። በአማርኛም ትራጄዲ ወይም ትራጀዲ፣ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይዝለቁ።