የሆድ ድርቀትና ጭንቀት፦ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ ስለ ጨጓራ በየቡናው ይወራል። ስለ ሆድ ድርቀት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም፣ ስለ ድብርትማ ጭራሽ። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሰዉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ስህተት ነጣጥሎ ማየት ነው። ለድርቀቱ ፋርማሲ፣ ለጭንቀቱ ዝምታ። አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፣ ከአንጎል ጋርም ቀን ከሌት መልእክት ይለዋወጣል። ሴሮቶኒን የሚባለው ኬሚካል 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው (ይሄኛው አንጎል ውስጥ አይገባም፣ ዋና ሥራው አንጀትን ማንቀሳቀስ ነው)። ጭንቀት የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዛባል፤ ለወራት የቆየ ድርቀትም እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እየነሳ ሰውን ያስከፋል። የቱ ቀደመ ብሎ መከራከር አይጠቅምም። ለሐኪሙ ሁለቱንም በአንድ ቀን ንገሩት።

ሌላው፣ መድኃኒትን በራስ ማቆም። ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ሆድ ያደርቃል፣ የአይረን እንክብልም እንደዚሁ። ሰው ይሄን ሲያይ የድብርቱን መድኃኒት ይጥልና ድብርቱ ተመልሶ ሲመጣ ግራ ይገባዋል። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሊቀይረው ይችላል እኮ!

ሰገራ መያዝስ? ብዙ ተከራይ አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት ግቢ፣ ውኃውም በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሰው ወረፋውንና ሽታውን ፈርቶ ወይም ደጅ የተቀመጡትን ጎረቤቶች አፍሮ እስከ ማታ ይይዛል። ሰገራው በቆየ ቁጥር አንጀት ውኃውን ይመጠዋል፣ ይጠጥራል፣ ከዚያ ማማጥ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሽንት ቤት ፍርሃት። አንጀት ከቁርስ በኋላ በደንብ ስለሚንቀሳቀስ ያንን ሰዓት አታሳልፉት። ግቢው ካልተመቸ ሥራ ቦታ ተጠቀሙ፣ ምን ነውር አለው?

ተልባ ጥሩ ነው፣ ግን ከብዙ ውኃ ጋር። ኮሶ ለኮሶ ትል እንጂ ለድርቀት አይደለም፣ ሲበዛም አደገኛ ነው። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ መድኃኒታችሁን ግን ይዛችሁ።

በየቀኑ ሽንት ቤት ካልሄድኩ ታመምኩ ብሎ መጨነቅም ራሱ በሽታ ይሆናል። በቀን 3 ጊዜም ሆነ በሳምንት 3 ጊዜ ጤነኛ ነው። ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ግን ቶሎ ታዩ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው ይዛችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ።