ከትኬት እስከ እራት፦ ከዋና ከተማ ውጭ ባለ ቲያትር ቤት ወንበርና ምግብ ቤት እንዴት እንደሚመረጥ

ወንበርና እራት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ፤ ሁለቱንም የሚገዛቸው ግን መጋረጃው የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ አንዱ ምግብ ቤት ቢሞላ ሌላ ይገኛል። ትንሽ ከተማ ላይ ግን አዳራሹ ብዙ መቶ ሰው ይይዛል፣ በእግር የሚደረሱት ምግብ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ያ ሁሉ ተመልካች ደግሞ መብላት የሚፈልገው በዚያችው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ ትኬቱን የቆረጡ ዕለት ጠረጴዛውንም ያስይዙ።

1. መጀመሪያ የመድረኩን ቅርጽ ይወቁ

ብዙ ሰው በቀጥታ ረድፍ መምረጥ ውስጥ ይገባል። ረድፍ ትርጉም የሚኖረው ግን የመድረኩ ቅርጽ ከታወቀ በኋላ ነው። መድረኩ እንደ ስዕል በፍሬም ውስጥ ሆኖ ከፊት ብቻ የሚታይ ከሆነ መሃል መቀመጥ ዋጋ አለው። ወደ ተመልካቹ የወጣና በሦስት ጎን የተከበበ ከሆነ የጎን ወንበርም ያስኬዳል፤ ያም ሆኖ ተዋንያን አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ መሃሉ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ጥግ ባይሄዱ ይመረጣል። ዙሪያውን በተመልካች የተከበበ ከሆነ ደግሞ «መሃል ነው» ተብሎ ለሚጠየቅ ተጨማሪ ገንዘብ ምክንያት የለም፤ የትም ቢቀመጡ የአንዱን ጀርባ፣ የሌላውን ፊት ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው፣ በእንግሊዝ ማንቸስተር ከተማ ያለው ሮያል ኤክስቼንጅ ቲያትር እንዲህ ያለ ነው፤ ከመድረኩ ከ9 ሜትር በላይ የሚርቅ ወንበር የለውም።

2. ርቀቱን በረድፍ ይቁጠሩ

የተዋናይ ፊት ላይ ያለውን ስሜት በደንብ ማንበብ የሚቻለው እስከ 20 ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ ረድፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ 20ኛው ረድፍ ላይ ወሰኑ ያበቃል ማለት ነው። ንግግር ለሚበዛበት ተውኔት ከ5ኛ እስከ 10ኛ ረድፍ ቢይዙ አይጸጸቱም። ውዝዋዜና ብዙ ሰው መድረክ ላይ የሚወጣበት ሙዚቃዊ ዝግጅት ከሆነ ወደ ኋላ ይሽሹ፤ ወይም የመጀመሪያው ባልኮኒ (ፎቁ ላይ ያለው የመቀመጫ ክፍል) ፊት ላይ ይቀመጡ። ተወዛዋዦቹ የሚሠሩት ቅርጽ የሚገባው ከላይ ሲታይ ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ ስሙ ከጥቅሙ ይበልጣል። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.2 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ መድረኩ 1 ሜትር ከሆነ የመድረኩን ወለል በጠርዙ ልክ ያዩታል ማለት ነው። ከኋላ የቆመው ተዋናይ እግር ይጠፋል፣ ማን ፊት ማን ኋላ እንዳለ መለየት ያስቸግራል፣ አንገትም ያማል። ኦርኬስትራ ካለ ደግሞ የመሪው ጭንቅላት አለ።

ስለ ረድፍ ስም አንድ ወጥመድ አለ። ረድፎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሰየሙ «አይ» እና «ኦ» ከቁጥር 1 እና 0 ጋር ስለሚመሳሰሉ ብዙ ቦታ ይዘለላሉ። ከ«ኤ» ፊት ለፊት «ኤ ኤ»፣ «ቢ ቢ» የሚባሉ ረድፎች የሚጨመሩበት ጊዜም አለ። «ኤ» ስለተባለ ብቻ የመጀመሪያው ነው ብለው አይደምድሙ፤ በስዕሉ ላይ በጣትዎ ይቁጠሩ።

3. ስዕሉ የማያሳየውን ይፈልጉ

የመቀመጫ ስዕል ጠፍጣፋ ነው፤ ከፍታን አያሳይም። ከፊትዎ የተቀመጠውን ሰው በአናቱ ላይ አሻግረው ለማየት ዓይንዎ ከእሱ ዓይን 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ከዓይን እስከ አናት ያለው ርቀት ያን ያህል ነውና። ወለሉ ጠፍጣፋ በሆነበት አዳራሽ ይህ አይገኝም። የቀደሙት ሠሪዎች መፍትሔ ወንበሮቹን ማፈራረቅ ነበር፤ በሁለት ሰው ትከሻ መካከል ያያሉ። ስለዚህ ለቲኬት ቢሮ ሲደውሉ «ወለሉ ከስንተኛው ረድፍ ጀምሮ ነው ከፍ የሚለው? ወንበሮቹስ የተፈራረቁ ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። ከልጅ ጋር ከሆኑ የወንበር ትራስ ያውሱ እንደሆነም አብረው ይጠይቁ።

ለጎን ወንበሮች ማስመሪያ በቂ ነው። ስዕሉ ላይ የማስመሪያውን ጠርዝ ከሚያስቡት ወንበር አንስተው የመድረኩን ፍሬም በእርስዎ በኩል ያለውን ጥግ ነክቶ እንዲያልፍ ያድርጉት። በመስመሩና በእርስዎ በኩል ባለው የመድረኩ ጎን መካከል የቀረው ክፍል አይታይዎትም። በእርስዎ በኩል ያለው ጥግ ላይ በር ካለ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያውቁት በድምፅ ብቻ ነው።

ባልኮኒ ላይ ችግሩ የመከላከያው ብረት ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አጠር ያለ ሰው ወንበሩን ተደግፎ ሲቀመጥ ብረቱ ልክ የተዋንያኑ ወገብ ላይ ያርፍበታል። ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ያያል፤ ያን ጊዜ ግን ከኋላው ያለው ሰው ማየት ያቆማል። አጭር ከሆኑ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ረድፍ ይያዙ።

ከባልኮኒው ሥር፣ ወደ ኋላ ጠልቀው የገቡት ረድፎች ሁለት ነገር ያጣሉ፦ የላይኛው የመድረክ ክፍል ይቆረጣል፣ ድምፁም ይደክማል። ትርጉሙ ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ የሚወጣበት ዝግጅት ከሆነ እዚያ መቀመጥ ገንዘብን መጣል ነው። የድምፅ ባለሙያው ሚክሰር (ድምፅ ማስተካከያ መሣሪያ) ያለበት አካባቢ ግን ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያልፈው ጥሩ ቦታ ነው፤ ድምፁ የሚስተካከለው ለዚያ ቦታ ጆሮ ነውና። የስክሪኑ ብርሃን ዓይንዎን የሚረብሽ ከሆነ ግን ይቅርብዎ።

4. የዋጋው ድንበር ላይ ይግዙ

ቲያትር ቤቶች አዳራሹን በዋጋ ይከፋፍላሉ፤ ክፍፍሉ ደግሞ የሆነ ረድፍ ላይ ይጀምራል። የውድ ክፍሉ የመጨረሻ ረድፍና የርካሹ ክፍል የመጀመሪያ ረድፍ መካከል ያለው ልዩነት 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከድንበሩ ወዲህ ያለውን፣ የርካሹን የመጀመሪያ ረድፍ ይያዙ።

የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ካለ፣ ድምፅ ወደ መሣሪያው የሚልከው በአዳራሹ የተዘረጋ የሽቦ ዑደት ሁሉንም ወንበር ላይሸፍን ስለሚችል የትኞቹን እንደሚሸፍን ይጠይቁ። የተሽከርካሪ ወንበር ቦታና የአጃቢ ወንበር ደግሞ በስልክ ቢይዙ ይሻላል።

5. ሰዓቱን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ትኬቱ ላይ 7፡30 ወይም 19፡30 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡30 ነው፤ ለእንግዳ ሲነግሩ ይህን ማስረዳት አይርሱ። ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ 1፡10 አዳራሹ ደጃፍ መድረስ፣ መንገዱ 10 ደቂቃ ከሆነ 1፡00 ላይ ከምግብ ቤቱ መውጣት፣ 12፡45 በልቶ ጨርሶ ሂሳብ መክፈል። ሁለት ዙር ምግብ (መክፈቻና ዋና) በእርጋታ ለመብላት አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የሚቀመጡት ከቀኑ 11፡15 ነው። ጣፋጭ ከጨመሩ 10፡45። በጣም ቀድመው የመጡ ይመስልዎታል፤ ከ12፡00 በኋላ የሚመጣው ግን ወጥ ቤቱ ላይ አንድ ላይ ከሚወርደው ትዕዛዝ ጋር ይሰለፋል።

ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከወጥ ቤቱ ሳይሆን ከጠረጴዛው ነው። ስድስት ሰው ሆነው ስድስት ዓይነት ምግብ ካዘዙ ሁሉም የሚቀርበው የመጨረሻው ሲደርስ ነው። በደንብ የበሰለ ወፍራም ሥጋና ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ነገር ጊዜ ይፈጃል። ጠረጴዛ ሲያስይዙም፣ ሲቀመጡም «1፡30 ቲያትር አለን» ይበሉ፤ ዋናው ምግብ ሲቀርብ ሂሳቡን አብረው ይጠይቁ፤ ሂሳብ የሚከፋፈል ከሆነም አስተናጋጁን ሳይሆን እርስ በርስ አስቀድመው ይነጋገሩ። ዘግይቶ የመጣ ተመልካች ተስማሚ ክፍተት እስኪገኝ ደጅ ይቆማል፤ አንዳንድ ዝግጅት ላይ እስከ እረፍት ድረስ።

ከባድና ጨው የበዛበት ምግብ አይምረጡ። ጨለማና ሙቀት ባለበት ቦታ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ከሙሉ ሆድ ጋር እንቅልፍ ያመጣል፤ ጨውና ብዙ መጠጥ ደግሞ በመሃል ያስነሳል። ቲያትር ቤቱ የራሱ ምግብ ቤት ካለው ምርጫው ቢጠብም ሰዓቱን ያውቃል፤ የእረፍት መጠጥንም አስቀድመው ማዘዝ ይቻላል። እረፍቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያለዚያ ወይ መጠጡን ወይ መጸዳጃውን ይመርጣሉ።

6. ከትዕይንቱ በኋላ

ለ1፡30 የጀመረ፣ ከእረፍት ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ተውኔት 4፡00 ላይ ያልቃል። ብዙ ወጥ ቤት ያኔ ዘግቷል፤ ደውለው የመጨረሻ ትዕዛዝ ስንት ሰዓት እንደሚቀበሉ ይጠይቁ፤ «እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ በሩን እንጂ ምድጃውን አይመልስልዎትም። ሰኞና የቀን ትዕይንት ላይም ይጠንቀቁ፤ ቦታው ሳምንታዊ ዕረፍቱን ሰኞ ሊያደርግ፣ ወይም በምሳና በእራት መካከል ሊዘጋ ይችላል።

የመጨረሻው አውቶቡስ 4፡15 ላይ የሚነሳ ከሆነ ረድፍ መሃል አይቀመጡ። በተለይ መሃሉ ላይ መተላለፊያ የሌለው ረጅም ረድፍ ሃያ ሰው አስነስቶ እንጂ አያስወጣም። መውጫው ባለበት በኩል የዳር ወንበር ይያዙና ኮትዎን ጭንዎ ላይ ያድርጉ፤ የኮት ማስቀመጫው ሰልፍ ያን 15 ደቂቃ ይበላዋል።