በፍራፍሬ ዛፍ ዙሪያ ድንብላልና እንስላል ሲዘሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከብርቱካን ወይም ከፖም ዛፍ አጠገብ ድንብላል፣ እንስላልና በሶብላ መዝራት ተባይ ለመቀነስ ይረዳል። ብዙ ሰው ግን ይሞክርና “ምንም አልሠራልኝም” ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሹት የአያያዝ ስህተቶች ናቸው።

ትልቁ ስህተት ሳያብብ መቁረጥ ነው። ሽታው ተባይ ያባርራል ብለን ቅጠሉን ለወጥ እንቀነጥሳለን፤ ሊያብብ ሲል እንነቅለዋለን። ዋናው ሥራ ያለው ግን አበባው ላይ ነው። ንብ የምትመስል፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ትንሽ ዝንብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ምግቧ የአበባ ወለላና ብናኝ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የወረረው ቅጠል ላይ ነው፤ እጯ እስኪያድግ ድረስ ክሽክሽ በመቶዎች ይበላል። ተባይ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦችም አበባ ይፈልጋሉ። አፋቸው አጭር ስለሆነ የድንብላልና የእንስላል አበባ ይመቻቸዋል። ስለዚህ ለወጥ የሚሆነውን ለብቻው ዝሩ። ዛፉ አጠገብ ያለውን እንዲያብብ ተዉት።

ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራትም አይጠቅምም። ድንብላል ቶሎ አብቦ ቶሎ ዘር ይይዛል። በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ብትዘሩ አበባ አይጠፋም።

ግንዱን አስጠግታችሁም አትዝሩ። እርጥበት ታፍኖ ልጡን ያበሰብሰዋል። ግማሽ ሜትር ያህል ዙሪያውን ባዶ ተዉ።

ክሽክሽ እንደታየ መድኃኒት መርጨት ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል። አብዛኛው ፀረ ተባይ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ክሽክሽ የምትበላው ጥንዚዛም ተርቡም አብረው ያልቃሉ። ክሽክሽ ግን በቀናት ውስጥ ይራባል፤ የሚበላው ስለሌለ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ዛፉ ትንሽ ከሆነ በውኃ ግፊት እጠቡት፣ ከዚያ ታገሱ።

ጉንዳንን አትርሱ። ክሽክሽ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ጠላቶቹን ያባርርለታል። ግንዱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ላስቲኩን ግራሶ ቀቡት፤ ልጡን ግን አትቀቡ።

የመጨረሻው፣ ሁሉንም ከአበባ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ የተገኘው የማንጎ ነጭ ቅርፊት ተባይ በአበባ ብቻ አይመለስም፤ የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠል ያስፈልጋል። የፍራፍሬ ዝንብ እጭም ፍሬው ውስጥ ስለሚደበቅ የወደቀውን በየቀኑ ልቀሙ። በጥቁር ፌስታል አጥብቃችሁ ቋጥሩና ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ካልሆነም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት።