የጋራዥ አፈርን ለፒኤኤች ምርመራ ናሙና መውሰድ

ጋራዥ የነበረበትን ግቢ ወደ ጎመንና ካሮት ማሳ ከመቀየር በፊት አፈሩን ማስመርመር ያስፈልጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የናፍጣ ጭስና የጎማ ቃጠሎ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን፣ ባጭሩ ፒኤኤች፣ የሚባሉ ውህዶችን አፈር ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ከነዚህ አንዱ የሆነው ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ነው። ናሙናው አወሳሰድ ላይ ከተበላሸ ግን የትኛውም የላቦራቶሪ መሣሪያ አያቃናውም።

ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ቀለም ያልተቀባ የእጅ አካፋና ጎድጓዳ ሳህን፣ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ቡናማ ጠርሙሶች፣ በረዶ ያለበት ሳጥንና አሴቶን ያዘጋጁ። የጠርሙሱ ክዳን ውስጠኛው ክፍል ቴፍሎን ይሁን። ፌስታል አይጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ፒኤኤችን ይመጥጣል። ቡናማ ጠርሙስ የሚመረጠው ብርሃን ውህዶቹን ስለሚሰባብር ነው። ለብል መከላከያ የሚቀመጠው ናፍታሊን ራሱ ከፒኤኤች አንዱ ስለሆነ፣ እሱ የነበረበትን ሳጥን ወይም ቁም ሣጥን ለዕቃዎቹ አይጠቀሙ።

ከባዶቹ ውህዶች በውኃ በቀላሉ አይሟሙም፤ ከአፈሩ ብስባሽ ጋር ተጣብቀው በአብዛኛው ላይኛው ንጣፍ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ካልታረሰ መሬት ከ0 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከታረሰ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይውሰዱ። 10 በ10 ሜትር ከሆነ ቦታ ከአራቱ ማዕዘኖችና ከመሐል እኩል እኩል ወስደው ሳህኑ ላይ ፈጥነው ያዋህዱ። ዘይት ያጠቆረው ቦታ ግን ለብቻው ጠርሙስ ይኑረው። ከንጹሕ አፈር ጋር ከተደባለቀ አማካዩ ዝቅ ይልና ዋናው ችግር ይደበቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ለማነጻጸሪያ ከመንገድና ከጋራዡ ራቅ ካለ ተመሳሳይ አፈር አንድ ናሙና ይጨምሩ።

ከንጹሑ ጀምረው ወደ ቆሻሻው ይሂዱ። በየመሐሉ አካፋውንና ሳህኑን በሳሙናና በውኃ አጥበው በአሴቶን ያለቅልቁ፤ በቤንዚን ማጠብ ናሙናውን መበከል ነው። በአካባቢው ጄኔሬተር አይሥራ፣ ሲጋራም አይጨስ። የአስፋልት ፍርፋሪ ወይም ከሰል ካጋጠመ መዝግቡት፤ አንዲት ቅንጣት ውጤቱን ከፍ ልታደርገው ትችላለች።

ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልተው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያቆዩት። ላቦራቶሪው በ14 ቀን ውስጥ ውህዶቹን ከአፈሩ አውጥቶ መጨረስ አለበት። ለማዳበሪያ ምርመራ እንደሚደረገው አፈሩን ፀሐይ ላይ ማስጣት አይቻልም፤ እንደ ናፍታሊን ያሉት ቀላሎቹ ተነው ያልቃሉ። እርጥበቱ ከሌላ ቁራሽ አፈር በ105 ዲግሪ ይለካል።

ውጤቱን ሲጠይቁ ላቦራቶሪዎች በተለምዶ የሚለኳቸው 16ቱም የፒኤኤች ውህዶች ለየብቻቸው፣ በደረቅ አፈር ኪሎ ግራም ስንት ሚሊ ግራም እንደሆኑ ይጻፉላችሁ። ድምር ቁጥር ብቻ አትቀበሉ። ከ16ቱ አንዱ የሆነውን ፍሎራንቴንን ለራሱ ለፍሎራንቴንና ሌላው ለሆነው ለፓይሪን ድምር ስታካፍሉ ከ0.4 በታች ከመጣ ምንጩ ወደ ዘይት ፍሳሽ ያመለክታል፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ ወደ እንጨትና ከሰል ቃጠሎ። ይህ ስሌት ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ካሮትና ድንች እዚያ አትትከሉ፤ ከአፈሩ ጋር በቀጥታ ይነካካሉ። የጠቆረውን አፈር ቆፍራችሁ አታቃጥሉት፤ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ዝናብ እንዳያጥበው አድርጉ።