አልጋው ሲጢጥ ሲል፦ ድምፁን ከምንጩ ማግኘትና ማስቆም

እናቴ አራት ኪሎ ነው የምትኖረው። የልጅ ልጆቿ ከሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ። ለኪዳን የምትነሳው ገና ሳይነጋ ነው። አልጋዋ ደግሞ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ልጆቹ እንዳይነቁባት ብላ እግሯን መሬት ለማድረስ ስንት ደቂቃ እንደምትታገል ያየሁት አንድ ሌሊት እዚያ ሳድር ነው። አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ፍራሹን አነሳሁና ሥራ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ከእኔ በፊት ወንድሜ የምግብ ዘይት አፍስሶበት ነበር። ሦስት ቀን ጸጥ አለ፣ ከዚያ ተመልሶ መጮህ ጀመረ። ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ጥቁር ጭቃ ሆኖ አገኘሁት። እንጨቱም ጠጥቶት ይሸታል። ስለዚህ በዘይት አትጀምሩ። ሲጢጥታ ማለት ሁለት ነገር እየተፋተገ ነው ማለት ነው። የሚፋተገውን ቦታ ሳታገኙ የምታፈሱት ሁሉ ብክነት ነው።

ፍለጋው

ፍራሹን አንስታችሁ መሬት ላይ ዘርጉት። ላዩ ላይ ተገላበጡበት። እዚያም ከጮኸ ችግሩ የፍራሹ ስፕሪንግ ነው፣ አልጋው ምንም አላጠፋም። የስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ግን አይጮኽም፣ በቀጥታ ወደ አልጋው እለፉ።

አልጋውን ለመፈተሽ ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል። አንዱ ማዕዘኖቹንና መሀሉን በየተራ ይጫናል፣ ሌላው ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። እጃችሁን መጋጠሚያው ላይ አሳርፉ። ድምፁ የሚወጣበት ቦታ ጣት ላይ ይነዝራል። ይህን ማምሻውን ወይም በጠዋት አድርጉት። ቀን ላይ መሀል ከተማ ውስጥ የታክሲ ረዳቱ ጥሪና የመኪናው ጥሩምባ ይህችን ቀጭን ድምፅ ይውጣታል። ያገኛችሁትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

አልጋው ሲወዛወዝና ቋ ቋ ሲል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ብሎን ነው። ቤት ስንቀይር አልጋ ይፈታል፣ ይገጠማል። በችኮላ ሲገጠም አንዱ ሮንዴላ (ከብሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት) ይጠፋል፣ አንዱ ዳዶ (ብሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው) በጣት ብቻ ጠብቆ ይቀራል።

6 ሚሊ ብሎን ብዙ ጊዜ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል፣ 8 ሚሊው በ13 ቁጥር። የብሎኑ ራስ ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ካለ ብሩጎላ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ያስፈልጋል። አንዱን ማዕዘን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ አልጋው ይጣመማል። ሁሉንም በእጅ አስገቡ፣ አራቱም እግር መሬት መርገጡን እዩ፣ ከዚያ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አልጋው ቺፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ እጃችሁን ቆጥቡ። ሲይዝ ማቆም ነው፣ ከዚያ በላይ ከሄደ ይፈረፈራል።

የጎደለውን ለመግዛት ምናለሽ ተራም ሆነ ሰፈር ያለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ። በቃል ማስረዳት ሁለቴ ያመላልሳል።

ቪቲው (እንጨት ውስጥ እየዞረ የሚገባው ጥርስ ያለው ሚስማር) በባዶ የሚዞር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል። ሦስት አራት ስቴኪኒ ኮላ ቀብታችሁ ቀዳዳው ውስጥ ሰግስጉ፣ የተረፈውን ቁረጡ፣ አሳድሩት። ጠዋት ቪቲውን መልሱ። እንደ አዲስ ይነክሳል።

ቀጭን ሲጢጥታ ከመሀል ሲመጣ

የእናቴ አልጋ ችግር ይህ ነበር። ርብራቡ፣ ማለትም ፍራሹ የሚያርፍባቸው አግዳሚ እንጨቶች፣ ባህር ዛፍ ነው። እርጥብ እንጨት ተሰንጥቆ ሳይደርቅ በሚስማር ከተመታ ክረምቱን ያብጣል፣ በጋ ሲገባ ይሸሻል (ይኮማተራል)፣ ይጣመማል። እንጨቱ ሲሸሽ ሚስማሩ በቀዳዳው ውስጥ መጫወት ይጀምራል። «ክረምት ላይ ደህና ነበር፣ ጥር ላይ መጮህ ጀመረ» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው።

ከራስጌ ሦስተኛው ርብራብ ጫፉ ላይ እንደተወለወለ ያበራ ነበር። ከሥሩ እንደ ሽሮ የላመ የእንጨት ብናኝ ተጠራቅሟል። የሚያበራና ብናኝ ያለው ቦታ ካገኛችሁ ፍለጋው አልቋል። ብናኙ አጠገብ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ግን ነቀዝ ገብቷል፣ ያን እንጨት መቀየር ነው።

ሚስማሩን መልሳችሁ በመዶሻ አትምቱት። ለጊዜው ይይዝና ይለቃል። በፒንሳ ንቀሉትና በቪቲ ተኩት። ባህር ዛፍ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት። ከማጥበቃችሁ በፊት የሚነካኩትን ሁለት ፊቶች በብርጭቆ ወረቀት አሹና ደረቅ ሻማ ወይም ጧፍ እስኪያበራ ድረስ ቀቡበት። ሰሙ እንጨት በእንጨት ላይ ሳይነክስ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፣ እንደ ዘይቱም አቧራ አይሰበስብም።

እኔ በዚህ ላይ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ፣ አየር የሚሞላው ክፍል) ጨመርኩበት። ጎሚስታ ጋ የተጣለ አሮጌ ይገኛል። በመቀስ ሁለት ጣት ስፋት እየቆረጣችሁ በእያንዳንዱ ርብራብ ጫፍ ሥር አንጥፉ። ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ይኸው ነው። ጎማ ካጣችሁ አሮጌ ካልሲም ይሠራል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው።

የብረት አልጋ

የጎኑ ብረት ከራስጌው ጋር በመንጠቆ የሚያያዝበት ቦታ ላይ ብረት ብረትን ይፍቃል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ ትንሽ ግራሶ ቀቡ፣ ክፍተት ካለ ቁራጭ ጎማ አስገቡ። ብየዳው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅና ዝገት ካያችሁ ግን ግራሶ አያድነውም። በያጅ ጋ ውሰዱት። ቤት ውስጥ ካልበየድኩ የሚል ካለ አትፍቀዱ፤ የብየዳ ፍንጣሪ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ካረፈ በቅጽበት ይቀጣጠላል።

ወለልና ግድግዳ

በእያንዳንዱ እግር ሥር ወረቀት ሞክሩ። ያለ ችግር የሚገባበት እግር ወለሉን አልረገጠም፣ ጎማ ደርቡለት። ራስጌው ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ሳቡት። ቺፑድ ግድግዳ ሲሆን ድምፁን ጎረቤት ድረስ ያደርሰዋል።

አዲስ የጠበቀ ብሎን በሰው ክብደት ትንሽ መላላቱ አይቀርም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ ሞክሩት። እኔም እናቴ ጋ ስሄድ ቡናው እስኪፈላ 13 ቁጥሯን ቁልፍ ይዤ አልጋዋን አንድ ዙር አያለሁ።