ትከሻ ላይ ትንሿን ስብራት መናቅና ሌሎች ስህተቶች

የክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞረው፣ ሰብስካፑላሪስ የሚባለው ጡንቻ ጅማት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ክንድ በድንገት ወደ ውጭ ሲጠመዘዝ ጅማቱ ጉብታዋን ገንጥሎ ይዟት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ለዚህም ነው የሚያመልጠው።

አንደኛው ስህተት አንድ ራጅ አይቶ «ምንም የለም» ማለት ነው። ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅ ቁራጯ ከዋናው አጥንት ጋር ተደራርባ ትደበቃለች። ከብብት በኩልም መነሳት አለበት፤ ካልጠራ ሲቲ ስካን። በተለይ የሚጥል በሽታ የተነሳበት ወይም ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው «ትከሻዬን» ካለ ጠርጥሩ። ከስብራቱ ጋር ትከሻው ወደ ኋላ ወልቆ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ውልቃት በመጀመሪያው ምርመራ ግማሽ ያህሉ ሳይታወቅ ያልፋል። ምልክቱ ግን ፊት ለፊት ነው፦ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር አይችልም።

ራጁን አይቶ ታካሚውን አለመንካትም አለ። ሕመሙ ከፈቀደ መዳፉን ሆዱ ላይ አድርጎ ይጫን። ክርኑ ወደ ኋላ ከሸሸና የእጁ አንጓ ከታጠፈ ጅማቱን ጠርጥሩ፤ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ይታዘዝ። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ትከሻው የወለቀ ሰው ላይ ደግሞ የጅማት መቀደድ የተለመደ ነው።

ወጌሻን ሁሉ አልኮንንም። ግን ራጅ ያልተነሳ ትከሻ ማሸትና መጎተት ቁራጩን ይብሱን ያርቀዋል። ጊዜውም ይሄዳል፤ ወራት ሲያልፉ ጅማቱ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ጡንቻውም ይሰልላል። ያኔ ቀዶ ጥገናው ሌላ ጣጣ ነው።

ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የሚያሳስበኝ ቁራጩን መልሶ ለመግጠም የሚገባው ብሎን ነው። ቁራጩ ትልቅ ከሆነ ጥሩ። ትንሽ ወይም የተሰባበረ ከሆነ ግን ብሎኑ ይፈረካክሰዋል፤ ጠንካራ ክር በጅማቱ ውስጥ አሳልፎ ከአጥንቱ ጋር ማሰር ይሻላል። አጥንቱን ገጥሞ ጅማቱን ሳያዩ መዝጋት ደግሞ የባሰ ነው። ራጁ ቆንጆ ይወጣል፤ ሰውየው ግን ሸሚዙን ከኋላ ሱሪው ውስጥ መክተት ያቅተዋል። አጠገቡ ያለው የባይሴፕስ (የክንድ የፊት ጡንቻ) ጅማትም አጥንቱ ላይ ካለው ቦይ ወጥቶ እንደሆነ መታየት አለበት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የክንድ ማንጠልጠያውን ቶሎ መጣልና ክንድን ወደ ውጭ መግፋት ስፌቱን ይበጥሳል። ጭራሽ አለመንቀሳቀስም ትከሻውን ያደርቀዋል። ጣትንና አንጓን ከመጀመሪያው ቀን ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ የክርንና የትከሻውን ልክ ሐኪሙና ፊዚዮቴራፒስቱ ይንገሩ።